የባቲው መጀመሪያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተፈራ ትናንት ተቀበረ።

ሥራ ገባሁ። ከነፋስ ስልክ የሚነሣው የጠዋት ታክሲ እንደ ሁልጊዜው ጢም ብሏል። ወያላው «ጠጋ ጠጋ፣ አባባ ጠጋ በል» ሲለኝ ዕድሜዬ ትዝ አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የሦስተኛ ገጽ እርማት። የጤፍ ዋጋ። የድልድይ ምረቃ። የጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ። አንብቤ ፈረምኩ። እጄ እንደ ወትሮው ይሠራል። ገረመኝ።

ከሰዓት በኋላ ኪሴ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያነበብኩት የሕይወት ታሪኩ ነው። ጽሑፉ የእኔ፣ እርማቱ የአጎቱ። ቅዳሜ ማታ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው አነበቡትና «ሙዚቀኛ» የሚለው ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ደሴ ያለችው እናቱ አንድ ቀን ሰው ቢያነብላት ጥሩ አይሆንም፤ ሆቴል ይሠራ ነበር ማለት ይበቃል አሉኝ። ሐሰት አይደለም። የሚሠራው ሆቴል ነበር። ፒያኖው የቆመው ሆቴሉ ውስጥ ነበር። ሰረዝኩት። «በሆቴል ሥራ ለረጅም ዓመታት በታማኝነት አገልግሏል» ብዬ ተካሁ። ንጹሕ ዓረፍተ ነገር። ማንም አይከሰስበትም።

ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ግን ሳልሰርዝ ልጻፍ። ፒያኒስት ነበር። ከእንግዲህ ተ. እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ ሙሉ ስሙን ከ«ነበር» ጋር ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ሣልስት

ከሥራ ቀጥታ ተ. ቤት። ድንኳኑ ነገ ይነሣል። የዕድር ሰዎች ወንበር እየደረደሩ ነው። አንዱ የተሰበረ ወንበር ይዞ፣ እኔ ስቀበለው ደኅና ነበር እያለ ከጸሐፊው ጋር ይከራከራል። ተ. ቢኖር ከልቡ ይስቅ ነበር።

ሬዲዮው ላይ ጥቁር ሻርፕ ተጥሎበታል። እስከ አርባው እዚህ ቤት ሙዚቃ አይሰማም። ያ ሬዲዮ በተ. ዘመን አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብሎ አያውቅም። ሻርፑን ያለበሰችው እኅቱ ዘነበች ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከተ. ጋር ነበር የምትኖረው፤ እሱ አላገባም።

ወደ ክፍሉ ገባሁ። ካሴቱን ፈለግሁት። ልሰማው አይደለም፣ ልይዘው ብቻ። ማስቀመጫውን መደርደሪያው ላይ አገኘሁት። በእጅ ጽሑፌ «እሑድ ከሰዓት፤ ፒያኖ፣ ኮንትራባስ፣ ድራም» ይላል። ውስጡ ባዶ ነው።

ምን እንደሆነ ልጻፍ፤ እኔም አንድ ቀን እረሳ ይሆናል። ሦስት ነበሩ። ፒያኖ ተ.፣ ኮንትራባስ (ሰው የሚያህለው፣ ድምፀ ወፍራሙ የክር መሣሪያ) ማርቆስ፣ ድራም አሰፋ። በሆቴሉ ሥራቸው ዘፋኝ ማጀብና እራት የሚበላ ሰው እንዳይደብረው ማድረግ ነበር። ሦስቱ ብቻቸውን፣ ያለ ዘፋኝ፣ ሰው ሊሰማቸው ብሎ መጥቶ የተጫወቱት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በሳሪስ መንገድ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። ለቃለ መጠይቅ የምይዘውን መቅረጸ ድምፅ ይዤ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ። አሰፋ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው። ማርቆስ ጴንጤ ሆኖ ሙዚቃ ተወ። ተ. ይኸው።

ያ ካሴት ነው የተረፈው። ነገ ዘነበችን እጠይቃለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጠየቅኋት። ካሴቱ ደሴ ሄዷል።

አነጋገሯን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው። «እማዬ አልጋ ላይ ናት፤ ልጇን እንኳ አልቀበረች። ታሪኩ ሲነበብ ብትሰማ ብዬ ቴፑን በነጠላዬ ሸፍኜ አጠገብህ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ ጋሽ ኃይሉ። አላየኸኝም?» አላየኋትም። ባዶ ካሴት እንዳትገዛ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ተ. ቴፕ ውስጥ ያገኘችውን ካሴት ከፍታ ሰማችው። ዘፋኙ ይገባል ብላ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ፒያኖ ብቻ። «ሬዲዮ ላይ ዜናው እስኪደርስ የሚያሰሙት ዓይነት መሰለኝ። ባዶ በለው።» እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጥርስ ሰብሬው ነበር፤ ክፍተቱ ላይ ፕላስተር ለጠፈችበት። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ሰኞ ንጋት ካሳሁን፣ የአጎታቸው ልጅ፣ ይዞት ደሴ ሄደ።

ድምፅህ ጥርት ብሎ ነው የወጣው አለችኝ። ደስ ብሏታል። በዚህ ሳምንት ፊቷ ላይ ደስታ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ደግ አደረግሽ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ እንድበላ ትለምናለች፤ እበላለሁ።

የት ላይ እንደቀዳች አሁን አውቃለሁ። በደንብ አስቤበታለሁ፤ የሥራ ልማድ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከማተሚያ ቤት ስወጣ ተ. ቤት እሄድ ነበር። ካሴቱን ትንሽ ትንሽ እየከፈትን እንሰማለን። የራሱን ስሕተት ሲሰማ እንደ ሕፃን ይስቃል። እኔ የማልሰማው ስሕተት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ማን ይሰማዋል። ጣቶቹ ፒያኖው ላይ ሲወርዱ ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስል ነበር። አንዱ የሚሮጥ፣ ሌላው ቆሞ የሚያየው።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሁለተኛውን ገጽ ሰማን። በባቲ ቅኝት ከሚጫወቱት ከመጨረሻው ሙዚቃ በፊት ያለው ጭብጨባ ሲያልቅ እጁን አነሣ። ደክሞኛል፣ ባቲውን ሌላ ቀን አለ። ዘጋሁት። ካሴቱ እዚያው ቴፑ ውስጥ እንዳለ ቀረ። በሳምንቱ ሞተ። ዘነበች ጥቂት ሰምታ ወደ ኋላ መልሳው እንደሆነ እንጃ፤ ቢሆንም ከባቲው መግቢያ አይርቅም።

የተቀዳሁት ባቲው ላይ ነው።

ባቲው እንዲህ ነበር። ክበቡ ውስጥ ሰዓቱ ገፍቷል። ሰው ሰዓት እላፊ ሳይደርስበት ቤቱ ለመግባት መነሣት ጀምሯል፤ ካሴቱ ላይ የወንበር መጎተት ይሰማል፣ አንዲት ሴት «ታክሲ አናገኝም» ትላለች። ተ. ቀስ ብሎ በግራ እጁ ብቻ ይጀምራል። ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ማርቆስ ከታች ይገባል። ወንበሮቹ ይጎተታሉ፣ ይጎተታሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ሰው መልሶ ተቀመጠ። ያቺ ሴትም ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነው አሰፋ የሚገባውና ሦስቱ የሚሮጡት፤ እስከ ጭብጨባው ድረስ።

አነባበቤን አውቃለሁ፤ ለስንት ደቂቃ እንደተናገርኩም አውቃለሁ። የተረፈው ሩጫው ብቻ ነው፣ እሱም ከመሐል። «በሆቴል ሥራ ለረጅም ዓመታት በታማኝነት አገልግሏል» የሚለው ወንበሮቹ ዝም የሚሉበት ግድም ይውላል።

ለዘነበች አልነግራትም። ይህ ውሳኔ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ጥርሴን ያመኛል። መልካም፤ የት እንደሚያም ይታወቃል።

ስለ ተ. አጭር ጽሑፍ አቀረብኩ። ዋና አዘጋጁ ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። አንብቦ ሲያበቃ ምን ዘፍኖ ነበር ብሎ ጠየቀ። አልዘፈነም፣ ፒያኖ ነው አልኩት። እሺ ማንን ነበር የሚያጅበው አለ። ማንንም፣ በዚያ ቀን። ካሴቱ ገበያ ላይ አለ? የለም። ሰው ይህን በምን ያውቀዋል ጋሼ አለ፣ በትሕትና። ልክ ነው። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምጠይቀው። በኅብረተሰብ ዓምድ ግርጌ፣ ከዕቁብ ማስታወቂያ በላይ፣ አንዲት አንቀጽ ሰጠኝ። ዛሬ ወጣች። «ፒያኒስት» የሚለው ቃል አለበት። ቁረጡት እንዳይሉኝ ፈርቼ ራሴ ወደ ማተሚያ ቤት ወረድኩ።

ጋዜጣውን ለዘነበች ወሰድኩላት። ቁም ሣጥን ላይ፣ ፎቶው ሥር አደረገችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ማታ 2 ሰ.

ካሳሁን ዛሬ ከደሴ ተመለሰ። ዘነበች አስጠራችኝ። ሦስታችን በተ. ቤት ሳሎን። ያለውን በተቻለኝ መጠን በቅደም ተከተል አሰፍራለሁ።

ወ/ሮ የሺ፣ የተ. እናት፣ ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ይዘዋል። ለቅሶ ደራሹ ቤቱን ሞልቶ ሳለ ካሳሁን ቴፑን ከፈተ። ንባቤ ተሰማ። ሴቶቹ አለቀሱ። እሳቸው ሰሙት። ንባቡ አበቃ። ካሳሁን ውጭ ቆሞ ከሰው ጋር ያወራል፣ ቴፑን የሚዘጋ የለም። ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ፒያኖና ድራም፣ ቤቱን ሞላው።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሙዚቃ። ካሳሁን እንደሚለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደነገጠ። አንዲት ጎረቤት «ኧረ በማርያም! ማነው ይህን የከፈተው?» እያለች ወደ ቴፑ ሮጠች። ልትዘጋው ስትል ወ/ሮ የሺ ከአልጋቸው «ተይው» አሉ። እጇ እዚያው ቁልፉ ላይ ቀረ። እስከ ጭብጨባው ድረስ ሰሙ፣ በክርናቸው ቀና ብለው።

ማነው አሉ። ካሳሁን ከበር ገብቶ ቆሟል። አላብልም፣ ተፈራ ነው እትዬ አላቸው። በእጁ ነው የሚሠራው? አሉ። አዎ። ይህን ነው ሆቴል ውስጥ የሚሠራው? አዎ። ካሳሁን ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ፤ ልጄ አዝማሪ ሆነ ወይ ይላሉ ብሎ። አልተቆጡም። «ባቲ እኮ ነው» አሉ። ከዚያ «ምን ያስሮጠዋል? ከየት ተነሥቶ ነው እንዲህ የሚሮጠው? ከመነሻው አሰማኝ።»

ካሳሁን ወደ ኋላ መለሰው። የእኔ ድምፅ። እንደገና መለሰው። የእኔ ድምፅ፣ ከእሱ በፊት ጭብጨባ። ወ/ሮ የሺ ሦስተኛ እንዳይሞክር በእጃቸው ከለከሉት።

«የሰውየውን ወሬ ሰማሁት» አሉ። «የልጄን አምጡልኝ።»

ካሴቱን ከትራሳቸው ሥር አደረጉት። ካሳሁን ሲመለስ አልሰጡትም።

ዘነበች ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። ታውቅ ነበር ወይ፣ ጋሽ ኃይሉ አለችኝ። አዎ አልኩ። አላለቀሰችም። ቴፑን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ገመዱን ጠቅልላ፣ አልጋ ሥር ከተተችው። ካሳሁን ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ስሕተት የሠራ ማንም የለም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ፤ አያጽናናም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ማርቆስ ቅጂ ነበረው።

ሌሊቱን ትዝ አለኝ። ትዝ ማለት እንኳ አይደለም፤ ሁሌ አውቀዋለሁ፣ ግን እንደሌለ ነበር የቆጠርኩት። ያኔውኑ ተ. ቀድቶ ሰጥቶታል። ማርቆስ ሲያምን ግን የዓለም ዘፈን የተባለውን ሁሉ አቃጠለ ተባለ። ተ. ነው የነገረኝ። አልተቆጣበትም። እንደዚያ የሚመታ እጅ አይቃጠል እንጂ ካሴት ምን አላት አለ።

ቢሆንም ልጠይቀው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ማርቆስ ሳሪስ የሕንፃ ዕቃ መደብር አለው። ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቀለም። ሃያ ሊትር ቀለም በአንድ እጁ አንሥቶ ለደንበኛ ሲያቀብል አገኘሁት። እጁ ያው ነው። ኮንትራባሱን እንደ ሕፃን አቅፎ የሚይዝበት እጅ።

«ኃይሉ! አሁንም እርማት ላይ ነህ? የሰው ስሕተት ስትለቅም አረጀህ እኮ።»

«አንተስ? ሚስማር ስትቆጥር።»

«እኔ በኪሎ ነው የምሸጠው፣ አልቆጥርም።»

ሳቅን። ቀብር ላይ ሩቅ ቆሞ አይቼው ነበር፤ ሳልጨብጠው ሄደ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ጌታ ያጽናናህ አለኝ፤ ከልቡ ነው። ከቆጣሪው ጀርባ ወንበር ሰጠኝ። ነገርኩት። ዘነበች የቀዳችውን፣ ደሴ የተሰማውን፣ ወ/ሮ የሺ ያሉትን። «ከየት ተነሥቶ» ላይ ስደርስ ቀና አላለም፤ ሚዛኑ ላይ ያለውን ሚስማር በጣቱ ያስተካክላል።

አቃጥዬዋለሁ አለ። ምስክርነት በሰጠሁ ጊዜ፣ ጉባኤ ፊት፣ ሁሉንም አቃጠልኩ ብዬ መሰከርኩ። ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ በእጄ ቢኖር።

ደንበኛ ገባ። ተነሣሁ። ስወጣ በስሜ ጠራኝ። ዞርኩ። ምንም አለ። ሰላም ግባ።

ለዘነበች የለም አልኳት። እሺ አለች። ሰኞ በ16 ደሴ ትሄዳለች፤ የአርባውን ተዝካር ከእናቷ ጋር ልታወጣ። ባዶ እጄን ነው የምሄደው አለች። ሌላ ነገር ብዙ ይዛለች፤ የተ. ኮት፣ ፎቶዎቹ፣ ጋዜጣው። ባዶ እጄን ማለቷ ግን ገባኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የኅዳር ሚካኤል። ሠፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። ከየአጥሩ ሥር ቅጠል፣ ካርቶን፣ የተቀዳደደ ጫማ። ጭሱ መንገዱ ላይ እንደ ደመና ተኝቷል፤ ሰው እያሳለ ነው የሚሄደው። ባለቤቴም አሮጌ ጋዜጦቼን አቃጠለች። ስለ ድሮው ሥራዬ ምንም አልተሰማኝም። ይበል።

ሊመሽ ሲል በር ተንኳኳ። ማርቆስ። ቤቱ ሃና ማርያም ነው፤ ከዚያ ድረስ በእግሩ መጣ መሰለኝ፣ ሸሚዙ ጭስ ጭስ ይላል። ግባ ብለው አልቀመጥም አለ። ቆሞ ተናገረ። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባችልን።

አልተቃጠለም።

ያን ጊዜ ካሴቶቹንና ፎቶዎቹን በካርቶን አድርጎ፣ ወንድሞች ባሉበት ደጁ ላይ አቃጠለ። ያቺን አንዲት ካሴት ግን ከዚያ በፊት አውጥቷት ነበር። አሰፋ አለባት፤ አሰፋ ሞቷል፤ እሱን ማቃጠል አልቻለም። ኮርኒስ ላይ ወረወራት። በሚቀጥለው እሑድ ተነሥቶ ሁሉንም አቃጠልኩ ብሎ መሰከረ። ጉባኤው እልል አለ። ከዚያ ወዲህ አልነካትም። ቆርቆሮ ሥር ናት፤ ሙቀቱ አበላሽቷት እንደሆነም አያውቅም።

እሺ፣ አሁን አምጣት አልኩት። እኔ ዝም ብዬ እቀዳታለሁ፣ ዘነበች ደሴ ትወስዳለች፣ የቤተ ክርስቲያንህ ሰው ከየት ይሰማል።

ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ሙዚቃው እንዳልሆነ አስረዳኝ። ዛሬ እዚያ ሽማግሌ ነው፤ ወጣቶችን ያስተምራል። የእሱን ምስክርነት ሰምተው ያላቸውን ያቃጠሉ አሉ። አንደኛው የሞተ አባቱ ክራር ሲመታ የተቀዳበትን አቃጥሏል። ልጁ በየሳምንቱ ፊቱ ይቀመጣል። «የደበቅሁትን ተደብቄ ላውጣው?» አለኝ። «ያማ ሁለተኛ ውሸት ሆነ። ያንን ልጅ በምን ዓይኔ ላየው ነው?»

ታዲያ አልኩት።

እሑድ የምስክርነት ጊዜ አለ። ከቻለ ይነሣል፤ አልተቃጠለም ብሎ ይናገራል። ከተነሣ፣ ከዚያው ካሴቷን ይዞ በቀጥታ ተ. ቤት ይመጣል። ካልተነሣ ካሴቷ ባለችበት ትቀራለች፤ ሁለተኛ እንዳልጠይቀው ቃል አስገባኝ። ገባሁለት።

በሩ ላይ ቆሞ፣ አሮጊቷ በእውነት «ከየት ተነሥቶ» አሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በእውነት አልኩት። ሄደ። ጭሱ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ጠፋ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

እርማት አመለጠኝ። የሚኒስትር ማዕረግ። ዋና አዘጋጁ በቀይ አክብቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

ለዘነበች ነገርኳት። ይህን መደበቅ አልችልም፤ ባለፈው መደበቄ ምን አመጣ። ወዲያው ነጠላዋን አነሣች። ሽማግሌ እንላክበት አለች። አጎቴ፣ አንተ፣ ከሠፈሩም አንድ ትልቅ ሰው፤ ድንጋይ ተሸክመን ደጁ ላይ እንወድቃለን። ቃል ገብቻለሁ አልኳት። ቃል የገባኸው አንተ ነህ፣ እኔ አልገባሁም አለች። ድምፃችን ከፍ አለ፤ ጎረቤት ይሰማል።

ሰውየው የሚያጣውን ነገርኳት። የወጣቱን ነገርኳት፤ ያባቱን ክራር። ነጠላዋን መልሳ አስቀመጠች። እኔ ሳላውቅ አጠፋሁ፣ እሱ ደግሞ እያወቀ ደበቀ፤ ማን ይሻላል አለች።

ስሄድ፣ ለምናልባቱ ባዶ ካሴት ገዝተህ ና አለችኝ። አዲስ፣ ፕላስቲኩ ያልተፈታ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ከማተሚያ ቤት ወጥቼ እግሬ ራሱ ተ. ቤት ወሰደኝ። ያ ሰዓት ነው።

ዘነበች ቴፑን ከአልጋ ሥር አውጥታዋለች። ሻርፑ ሬዲዮው ላይ እንዳለ ነው። የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ጫፍ፣ በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ። ጎረቤት ያለውን ሁለተኛ ቴፕ ተዋስን፤ ቅጂ ለመሥራት። ሽቦው ይገጥማል። ባዶ ካሴቱ ጠረጴዛው ላይ። ሥራ አለቀ፤ ተቀመጥን። ነገ ጾም ስለሚገባ ያለውን እንጨርስ ብላ ዶሮ አቀረበች። ሁለታችንም አልበላንም።

መጀመሪያው እንዴት ነው አለችኝ።

በቃል ልነግራት ሞከርኩ። በግራ እጁ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ወንበር ይጎተታል። አይገባኝም አለች። አዚመው። ይኼ ለቅሶ ቤት ነው አልኳት። በቀስታ አለች፣ በሩን ዘጋች። ድምፅ የለኝም፤ በትምህርት ቤት መዝሙር እንኳ ከንፈር ብቻ እንዳንቀሳቅስ ነበር የሚነገረኝ። ያም ሆኖ የማስታውሰውን አዜምኩ። አራት አምስት ድምፅ፣ ከላይ ወደ ታች፤ ትንሽ ቆም፤ እንደገና ያንኑ፤ ቆም።

የዘነበች እጅ ጭኗ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ፣ የሆነ ነገር የሚያሾሩ ይመስላሉ። መጀመሪያ አልገባኝም።

እማዬ ስትፈትል ነው አለች። እንዝርቱ ሲሾር ታዜማለች፤ ክሩ ሲረዝም ታቆማለች፤ ስትጠቀልል ዝም። ከዚያ እንደገና ከላይ። እኔና ተፈራ ሥሯ ነበር የምንተኛው።

ስንት ዓመት ያንን መጀመሪያ ሰማሁት። ቆም የሚልበትን ቦታ ጽፌበታለሁ እንኳ፤ በሚገባ የተመጠነ ዝምታ ብዬ። ተ. አንድ ቀን አልነገረኝም። ምናልባት ራሱም አያውቀው ይሆናል።

ወ/ሮ የሺ የጠየቁት ይህንን ነው።

ማርቆስ ዘንድ ሄጄ ልንገረው ብዬ ተነሣሁ፤ ጫማዬን እስከማሰር ደረስኩ። ዘነበች ተው አለች፣ ትናንት ሽማግሌ እንላክበት ያለችው ዘነበች። ቃል ገብተሃል። ደግሞ ይህን ሰምቶ ቢነሣ፣ የተነሣው ለእኛ ይሆናል። ጫማዬን ፈታሁ።

ነገ እሑድ። የእነ ማርቆስ አምልኮ የሚያልቀው ስድስት ሰዓት ግድም ነው። ከሃና ማርያም እዚህ ድረስ ታክሲ ካገኘ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። እኔ ከቅዳሴ በቀጥታ እዚህ እመጣለሁ። የደሴው አውቶብስ ሰኞ ንጋት ላይ ይሄዳል። የዘነበች ሻንጣ በሩ ጋ ቆሟል፤ ዘግታዋለች፣ የላይኛው ኪስ ብቻ ለካሴቷ ክፍት ነው።